አልሰረዝም ያለ ፎልደር

ፎቶ አንሺውን እንግዳውን ያገኘነው በገዛ ስቱዲዮው ወለል ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ የሰቆጣ ገበያ የደራበት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ፍልሰታ ገብታለች፤ ዝናቡ ጠዋት ጥሎ አባርቷል። ከጭንቅላቱ ኋላ ደም ይወርዳል፤ ባለሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ አጠገቡ ወድቋል።

«ነፍሱ አለች!» ብሎ ጮኸ ሳጅን ዓለምብርሃን። ለአራት ተሸክመን አወጣነውና ወደ ሆስፒታል ላክነው።

እኔ ኢንስፔክተር መንግሥቴ እባላለሁ። ሰቆጣ ላይ በፖሊስነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ቁጡ ነህ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ቀናተኛ ነህ ያለችኝ ግን ሚስቴ ብቻ ናት። እሷም ልክ ነበረች።

ስቱዲዮውን ዞር ዞር ብለን አየነው። ሁለቱ ካሜራዎች እቦታቸው አሉ፣ ማተሚያው አለ፣ መሳቢያው አልተነካም። ኮምፒውተሩ በርቷል። እስክሪኑ መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ተደቅናለች፤ ጽሑፏ በእንግሊዝኛ ነው። ፎልደሩ ወይም በውስጡ ያለ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ስለተከፈተ ሊሰረዝ አይችልም ትላለች። ከኋላዋ አንድ ቢጫ ፎልደር ይታያል። ስሙ «አደራ» ነው።

«መቺው የመጣው ለስርቆት አይደለም» አለ ዓለምብርሃን። «ይቺን ሊያጠፋ ነው። አልጠፋ ስትለው ጥሏት ሮጠ።»

«ማንም እንዳይነካው። እንደበራ ይቆይ፣ እንዳለ መዝግበው» አልኩት።

እንግዳውን ወድቆ ያገኘው ትእዛዙ ነው። ትእዛዙን የማያውቅ ሰቆጣ ውስጥ የለም። የባህል ቡድን መሪ ነው፤ ለሰፈራችን ልጃገረዶች የሻደይን በዓል ግጥም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰጠ እሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ስልኬ ላይ ዘፈን ላስጭን ሸምሲያ ዘንድ መጥቼ ነበር» አለኝ። ሸምሲያ ከስቱዲዮው ጋር ግድግዳ የምትጋራ የሞባይል ሱቅ አላት። «ዘግታለች። እያንኳኳሁ ደጃፏ ላይ ቁጭ አልኩ። ድንገት ‹ጓ!› የሚል ሰማሁ። ስገባ አንድ ሰው በጓሮ በር ሲወጣ ጀርባውን አየሁት።»

«ማን ነው?»

«ወጣት ይመስለኛል። እንጃ… አስማረ የሚባለው ሹፌር በቀደም ሲዝትበት ሰምቻለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሜት አልወድም መንግሥቴ ወንድሜ፤ ግን እንግዳው ዘንድ የሰው ሚስት ትመላለሳለች ይባላል።»

«የማን ሚስት?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለና ትንሽ ረዘም አድርጎ አየኝ። ያቺን አስተያየት ያኔ ልብ አላልኳትም፤ ማታውን ግን አብራኝ ገባች።

ሸምሲያን ከቤቷ አስጠራኋት። ሻሿን እያስተካከለች፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ መጣች። «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሱቁን ዘግቼ እቤቴ ነበርኩ ጋሽ መንግሥቴ። ያየሁትም የሰማሁትም የለም» አለች። በቃ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

አስማረን ያገኘነው በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ነው። ወደ ኒሯቅ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ገና ስሙን ስጠራው ነደደ።

«አዎ ዝቼበታለሁ! የእጮኛዬን ፎቶ መስኮቱ ላይ ሰቅሎ አላፊ አግዳሚው እያየ ሲሄድ ዝም ልበል? አንተ ብትሆን ዝም ትላለህ?»

«እኔን ተወኝ። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ተኩል የት ነበርክ?»

«ኒሯቅ መንገድ ላይ፣ ጎማ ፈንድቶብኝ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ! አሥራ አራት ተሳፋሪ ሲሰድበኝ ነበር፤ አንዱን ጠይቅ።»

ከተሳፋሪዎቹ ሦስቱን ጠየቅን። ሦስቱም እንደገና ሰደቡት እንጂ አልካዱትም። አስማረን ለቀቅነው። የስቱዲዮውን የጓሮ በር ሄጄ ሳየው ደግሞ መሸጎሪያው ከውስጥ ተሸጉሯል። ትእዛዙ ደንግጦ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው እዚያ ላይ ነበር መቆም ያለበት። ልቤ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበር፦ የሰው ሚስት።

ረቡዕ ከሰዓት ዓለምብርሃንን ሆስፒታል ላክሁትና ብቻዬን ስቱዲዮው ገባሁ። «አደራ»ን ከፈትኩት። ስምንት የድምፅ ፋይሎች አሉበት። የመጀመሪያውን ነካሁት።

አንድ ወንድ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል። እንግዳው ነው። ከዚያ የሚያስል ድምፅ ተሰማና አንዲት ሴት ሳቀች።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት እቤቴ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ ነው፤ የይታየሽ፣ የሚስቴ። በአካባቢው አገዎች ቋንቋ፣ በኽምጥኛ፣ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። እኔን እንዲህ ባለ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም፤ የለሰለሰ፣ የተቅበጠበጠ። እንግዳው በዚያው ቋንቋ አንድ ነገር ጣል አደረገ። እንደገና ሳቀች። አጠፋሁት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ኽምጥኛ አልችልም። ይታየሽ የጋዝጊብላ ልጅ ናት፤ እንግዳውም እንደዚያው። እኔ መጤ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ከሰላምታና ከገበያ ቃል አላለፍኩም። ዓለምብርሃን ግን እናቱ ያሳደገችው በኽምጥኛ ነው። ጠርቼ «ምን ትላለች?» ብለው በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። አፈርኩ። የበታቼ የአለቃውን ሚስት የፍቅር ወሬ ሲተረጉም ታየኝና ደሜ ፈላ። እንዴት አንድ ሰው ላሊበላ አካባቢ ተወልዶ ሰቆጣ ድረስ መጥቶ ይዋረዳል? እያልኩ ብቻዬን እወራጫለሁ።

ማውሱን ያዝኩ። ማስረጃ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌላ ፖሊስ ቢያደርገው እኔው ራሴ የማስረው ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ሰርዝ አልኩት። ያቺው ሳጥን ብቅ አለች፦ በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷል። የከፈትኩትን ሁሉ ዘግቼ ሰርዝ አልኩት። እምቢ። ስሙን ልቀይር አልኩ፤ እምቢ። ወደ ሌላ ቦታ ልውሰደው አልኩ፤ እምቢ። እንደ ግትር በቅሎ እግሩን ተከለብኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እንዳላበራው ዓለምብርሃን «በርቶ የተገኘ» ብሎ መዝግቦታል። በሌላ ጊዜ በየሰዓቱ የሚጠፋው መብራት እንኳ በዚያ ሳምንት እኔን ለማናደድ ዐይኑን አልጨፈነም።

እቤት ስገባ ይታየሽ ጫማዬን ሳላወልቅ «እንግዳው እንዴት ዋለ?» አለችኝ።

«አንቺን ምን አገባሽ?»

«ሰው አይደለም እንዴ?»

«ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ተኩል የት ነበርሽ?»

ሽሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አየችኝ። «ትምህርት ቤት፣ የተማሪ ምዝገባ ላይ። ምርመራ ነው?»

«ስቱዲዮው ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

እንጀራውን ፊቴ ዘረጋች። አለመካዷ ከማንኛውም የእምነት ቃል በላይ ጎዳኝ። ከዚያ «ሻደይ ሲደርስ እነግርሃለሁ። ምዬአለሁ መንግሥቴ፣ እስከዚያ አትጠይቀኝ» አለች።

የሻደይ ግጥም ከነሐሴ አሥራ ስድስት በፊት ከሰፈር ልጃገረዶች አፍ እንደማይወጣ፣ ሌላው ሰፈር እንዳይነጥቀው ለባልም ለወንድምም እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን ባለትዳር ሴት ሻደይን ምን አገባት? ሰበብ ነው አልኩ። ሽሮው ሳይነካ በረደ። ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

ሐሙስ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቴም እምቢ አለኝ።

ዐርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የገባሁት። የጁምዓ አዛን ተሰምቶ አብቅቷል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፎልደሩን ነካሁት፣ ሰርዝ አልኩት። ሳጥኗን ስጠብቅ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ለዘለቄታው ይጥፋ?

ይጥፋ አልኩት።

ጠፋ። ያ ሁሉ ግትርነት እንዳልነበረ ሆነ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብዬ ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ጸጥታው በዛ። ረቡዕም ሐሙስም እዚህ ስቀመጥ ከግድግዳው ጀርባ የሆነ የሚያጉረመርም ድምፅ ነበር፤ የሸምሲያ ሱቅ ዘፈን ነው ብዬ ጆሮ አልሰጠሁትም። ዛሬ የለም። ለጁምዓ ዘግታለች፤ ማሽኗንም አጥፍታለች።

ተነሥቼ ጠረጴዛውን ሳብኩት። ከኮምፒውተሩ ኋላ አንድ ግራጫ ገመድ ወጥቶ በጨርቅ በተወተፈ ቀዳዳ ግድግዳውን አልፎ ይሄዳል።

ፖሊሱ የነቃው ያኔ ነው፤ ባልየው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ።

ፎልደሩን ይዞ አላስሰርዝ ያለው እዚህ ያለ ነገር አልነበረም። ግድግዳው ማዶ ሸምሲያ ከፍታው ነው። ማሽኗ ሲጠፋ ለቀቀው። እንግዲያ ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ተኩልም፣ መቺው ሊሰርዝ ሲታገል፣ ማዶ ተከፍቶ ነበር። ሸምሲያ እቤቷ አልነበረችም።

ከጁምዓ መልስ ሱቁን ስትከፍት ደጃፏ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ገመዱን አሳየኋት። ካርቶን ላይ ቁጭ አለች።

«ዘፈን ከእሱ እየሳብኩ ለደንበኛ እንድጭን እሱው ነው የዘረጋልኝ» አለች። «‹አደራ› የሚለውን ግን እስከ ሻደይ ድረስ እንዳትነኪው ብሎኝ ነበር። እኔ ነካሁት። አንዴ ሰማሁትና መተው አቃተኝ ጋሽ መንግሥቴ። ማሽኑን ሳበራ እሱኑ ነው የምከፍተው። ማክሰኞም ሰው እንዳይሰማብኝ መዝጊያውን አውርጄ ውስጥ ነበርኩ።»

«ማን ነበር በሩን ያንኳኳው?»

«የእኔን በር? ማንም አላንኳኳም። አንድ ሰው ወደ እንግዳው ሲገባ ሰማሁ። አንድ ብቻ። ተጨቃጨቁ። ከዚያ ብረት ወደቀ።»

«ድምፁን ታውቂዋለሽ?»

ከንፈሯን ነከሰች። «ጋሼ ትእዛዙ ናቸው። ማታውን እቤቴ መጥተው ‹አንቺ ምንም አልሰማሽም› አሉኝ። የተከለከልኩትን ሳዳምጥ ነበርና ፈራሁ።»

«ምን ሲል ሰማሽው?»

«‹አጥፋው› ሲሉት። ‹አሥራ ስምንት ዓመት የእኔ ግጥም ሲባል ኖሮ፣ ዘንድሮ በሞተች አሮጊት ልተካ?› ሲሉት።»

«የምን አሮጊት?»

ሸምሲያ ቀና ብላ አየችኝ፤ የምቀልድ መስሏታል። «አማትዎ ናቸዋ! እማማ ጥሩወርቅ። ኅዳር ላይ ለሕክምና የመጡ ጊዜ ይታየሽ እዚህ እያመጣች ያስቀዳቻቸው የድሮ የሻደይ ዜማ። የመጀመሪያው ላይ እሷ ናት ስማቸውን የምታስተዋውቀው፤ እሳቸው ሳሉባትና ሳቀች። ከሁለተኛው ጀምሮ እሳቸው ናቸው፣ እስከ መጨረሻው።»

አማቴ ጥር ላይ ነው የሞተችው። ድምፅዋን በደንብ አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን ፋይል ከፍቼ ቢሆን ቋንቋውን ባልሰማም ድምፅዋን እለየው ነበር።

የሸምሲያን ክንድ ያዝኩ፤ ሳላውቀው አጥብቄ። «ገልብጠሽዋል? እዚህ ማሽንሽ ላይ፣ አንድ ሚሞሪ ላይ፣ የሆነ ቦታ?»

«ወላሂ አልገለበጥኩም! አዳመጥኩ እንጂ አልሰረቅሁም። አላህን እፈራለሁ ጋሽ መንግሥቴ።»

«ምነው በሰረቅሽ!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ያበድኩ መሰላት። «ምነው በሰረቅሽው ሸምሲያ!»

ትእዛዙን ለመያዝ ሁለት ሆነን ሄድን። አልሮጠም። ደጃፉ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ አገኘነው።

«ከጀርባው ያየኸው ሰው በተሸጎረ በር ነው የወጣው?» አልኩት።

«የለም። ማንም አልነበረም።» ቀና ብሎም «እንግዳው ይተነፍሳል?» አለኝ።

«ይተነፍሳል።»

«ተመስገን።» ፊቱን በጋቢው ጠረገ። «ቀናሁ መንግሥቴ። ልጃገረዶቹ ተሰብስበው መጡና ‹ጋሼ፣ ዘንድሮ እትዬ ይታየሽ የሰጠችንን ነው የምንለው› አሉኝ። በአክብሮት ነው ያሉኝ፤ እሱ ነው የባሰኝ። እንድሰማው እንግዳውን ለምኜ አንዱን አሰማኝ። ከእኔ ይበልጣል። አሥራ ስምንት ዓመት የጻፍኩት ሁሉ ተደምሮ ያን አያክልም። ሲበልጥብኝ እጄ ብረቱን አነሣ።»

«እና ‹የሰው ሚስት› ያልከኝ?»

«ቀናተኛ መሆንህን ከተማው ያውቀዋል። ወደዚያ ብትሮጥ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።» ዓለምብርሃን ካቴናውን ሲያስገባለት እጁን ራሱ ዘረጋ። «እንኳን አልጠፋ ግን። ሦስት ጊዜ ሰርዝ ብዬ እምቢ ሲለኝ እግዚአብሔር ነው የያዘኝ። ያን አጥፍቼ ቢሆን ነበር እስከ ዕድሜ ልኬ የማልተኛው።»

ዓለምብርሃን «እውነት ነው፣ እንኳንም አልጠፋ» አለ። እኔ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ሳይ ነበር።

ቅዳሜ እንግዳው ነቃ። ሆስፒታል ስደርስ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ተደግፏል፤ ይታየሽ አጥሚት ይዛለት አጠገቡ ቆማለች። ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ፎልደሩ ደህና ነው?» አለኝ።

«አትጨነቅ» አለችው ይታየሽ። «መንግሥቴ እጅ የገባ ነገር አይጠፋም።» ደግሞ በኩራት ነው ያለችው። «ስልኬ ይጠፋል፣ ሚሞሪ ይበላሻል ብዬ እኮ ነው አንድ ቦታ አስቀምጥልኝ ያልኩህ።»

ወንጀለኛ ሲያምን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አፉን መክፈት ምን ያህል እንደሚከብደው ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«እኔ ሰረዝኩት» አልኩ።

ይታየሽ የአጥሚቱን ኩባያ ቀስ ብላ አስቀመጠች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በወደድኩ።

«ስንቱን ሰማህ?»

«አንዱን።»

«እስከ መጨረሻው?»

«አይ።»

«ምኑን ነው የሰማኸው ታዲያ?»

«ሳቅሽን።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። እንግዳው ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሰኞ ጠዋት ዓለምብርሃን ፊት ለፊት ተቀመጥኩና «ቃል መቀበያ ወረቀት አምጣ» አልኩት። ብዕሩን ወደ እኔ ሲዘረጋ «አይደለም፤ አንተ ነህ የምትጽፈው፣ እኔ ነኝ የምሰጠው» አልኩት። ከረቡዕ እስከ ዐርብ ያደረግሁትን በሙሉ ተናገርኩ። ሲጽፍ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቀና ብሎ «ምነው በጠየቁኝ ጌታዬ፤ እኔ አልነበርኩም?» አለኝ። «ቀጥል፣ ጻፍ» አልኩት። ከሥራ ታግጃለሁ። የኮምፒውተሩን ዲስክ ባሕር ዳር ላለ ባለሙያ ልከነዋል፤ ይሞከራል ብሏል፤ እስካሁን መልስ የለም። ይታየሽ እህቷ ቤት ናት።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ደረሰ። የሰፈራችን ልጃገረዶች የሻደዩን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ። ከስምንቱ ዜማ በቃላቸው የያዙት ሁለቱን ብቻ ነው። ይታየሽ መሐላቸው ቆማ ታጨበጭባለች። እኔ ከሰው ኋላ ነበርኩ፤ ዓለምብርሃን የደንብ ልብሱን ለብሶ አጠገቤ። አንዷ አወጣች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ይታየሽ ያኔ ማጨብጨቧን አቆመች።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

ዓለምብርሃን አመነታ። «የእማማ ጥሩወርቅ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ምን ይላል?»

«‹አማቼ ቋንቋዬን አይሰማም፤ ልጄን ግን ይሰማታል፤ እንግዲህ በሰላም ልሂድ› ነው የሚሉት።»